ቴክስ-ሜክስ ምንድን ነው? የሜክሲኮ ምግብ ነው ወይስ አደለም?

ዳላስ እንደመጣሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ስራ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ነበር። በሩ ላይ "የሜክሲኮ ምግብ" ብሎ ተጽፏል፣ ውስጥ ሚያበስሉትም አብዛኞቹ ሜክሲኮዎች ናቸው፣ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንዳቸውም ከሜኑው አይበሉም። ከፑዌብላ የመጡ አንድ ሴትዮ ነበሩ፣ ሁሉም ዶኛ ነው ሚላቸው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው፣ ከቤታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ቶርቲላ (ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው) ይዘው ይመጡና ጠፍጣፋው ብረት ምድጃ ላይ አሙቀው ባቄላና ቃሪያ ጣል ያረጉበታል። አንድ ቀን "ኮሜ፣ ኢኻ" አሉኝ፣ ብዪ ልጄ ማለት ነው። ወደ አፌ ሳስጠጋው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ አደለም፣ ዝናብ የመታው አፈር አይነት የሆነ ሽታ አለው። እኛ ቀኑን ሙሉ ለሰው ስናወጣ ከምንውለው ቶርቲላ ጋ ስሙ እንጂ ሌላ ምንም አይገናኝም። ይሄ ለምን ሆነ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ከዛ ነው፣ መልሱ ደግሞ "አሜሪካኖች አበላሽተውት ነው" ከሚለው በጣም ይሰፋል።

መጀመሪያ ስሙ። ቴክስ-ሜክስ ሚለው ቃል ከምግብ አልመጣም፣ ከባቡር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከኮርፐስ ክሪስቲ ተነስቶ ድንበር ላይ እስካለችው ላሬዶ ሚሄድ የቴክሳስና የሜክሲኮ ባቡር ነበረ፣ ጋዜጣ ላይ ስሙን አሳጥረው ቴክስ ሜክስ ብለው ይጽፉት ነበር። ቀጥሎ ቴክሳስ ለሚኖሩ የሜክሲኮ ዘር ላላቸው ሰዎች መጠሪያ ሆነ፣ ለምግብ የዋለው ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ ቴክስ-ሜክስ ሲባል ቴክሳስ ያሉ የሜክሲኮ ተወላጆች እዛው አገር በሚገኘው ነገር የሰሩት ምግብ ማለት ነው፦ የበሬ ስጋ በብዛት፣ ቢጫ ቺዝ፣ ከሙን፣ ቺሊ ፓውደር፣ የስንዴ ቶርቲላ።

"ተወላጆች" ያልኩት አውቄ ነው። ቴክሳስ እስከ 1836 የሜክሲኮ ግዛት ነበረች፣ በ1845 አሜሪካ ጠቀለለቻት፣ ከ1846 እስከ 1848 በተደረገው ጦርነት ደግሞ ካሊፎርኒያና ሌላውም ሰፊ መሬት ሄደ። ስለዚህ እዛ የነበረው ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ አንድ ቀን አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። "እኛ ድንበሩን አልተሻገርንም፣ ድንበሩ ነው እኛን የተሻገረን" ይላሉ። እና ይሄ ሰው ሚያበስለውን ምግብ "የውሸት ሜክሲኮ" ማለት ለኔ ትልቅ በደል ነው፣ አያቱ እዛው ምድጃ ላይ ስታበስል የነበረውን ነው ሚያበስለው።

ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ቺሊ ክዊንስ፣ የቺሊ ንግስቶች፣ ሚባሉ ሴቶች ነበሩ። ሲመሽ አደባባዩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ፋኖስ አብርተው፣ ስጋ በቺሊ፣ ማለት በነሱ በርበሬ የተሰራ፣ ራሱም ቺሊ ሚባል ወጥ ለወታደሩም ለነጋዴውም ለቱሪስቱም ይሸጡ ነበር። በ1893 ቺካጎ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሳን አንቶኒዮ ቺሊ ቀርቦ የሌላው ስቴት ሰውም ቀመሰው፣ በኋላ ግን ከተማው በጤና ደንብ ምክንያት ሴቶቹን ከአደባባዩ አስነሳቸው። ትርፉን የወሰደው ሌላ ነው። በ1890ዎቹ ዊሊያም ጌብሃርት ሚባል ከጀርመን የመጣ ሰው ቴክሳስ ኒው ብራውንፌልስ ውስጥ ደረቅ ቺሊ ፈጭቶ፣ ቅመም ቀላቅሎ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ፣ ቺሊ ፓውደር በዚህ መንገድ ወደ አሜሪካ ጓዳ ሁሉ ገባ።

ይሄ ነገር ምን እንዳመጣ ለኛ ለማስረዳት አይከብድም። ማራቆ በርበሬና ሚጥሚጣ አንድ ነው፣ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ስሩት ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ሜክሲኮ ውስጥ እያንዳንዱ ቺሊ የራሱ ስም የራሱ ስራ አለው፣ አንቾ ፖብላኖ ሚባለው ሲደርቅ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ ቺፖትሌ ደግሞ በጭስ የደረቀ ሃላፔኞ ነው፣ ጉዋሂዮ አለ፣ ሌላም ብዙ። ሞሌ ሚባለውን ወጥ ለመስራት የተለያዩ ቺሊዎች ለየብቻ ይታመሱና ይዘፈዘፋሉ፣ ከሰሊጥ፣ ከለውዝ፣ ከቅመም፣ አንዳንዱ ላይ ከቸኮሌት ጋ ተፈጭቶ ለሰዓታት ይንተከተካል፣ ልክ የዶሮ ወጥ ቁሌት ትዕግስት እንደሚጠይቀው። ቺሊ ፓውደር ይሄን ሁሉ በአንድ ማንኪያ ተካው። (በነገራችን ላይ የኛም በርበሬ ዘሩ የመጣው ከዛው ነው፣ በቆሎውም ቲማቲሙም እንደዛው፣ ቃሪያን መጀመሪያ ያለሙት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው።)

ቺዙም እንደዛ ነው። ሜክሲኮ ያለው ኬሶ ፍሬስኮ ነጭ፣ ፍርፍር ሚል፣ የኛን አይብ ሚያስታውስ ነገር ነው፣ ምግቡ ላይ ትንሽ ብትን ይደረግበታል በቃ። ቢጫው ቀልጦ ሁሉን ነገር የሚሸፍነው ቺዝ የአሜሪካ ነው። ናቾስ ግን ሁለቱ መሀል ነው ያለው፦ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስን አሻግራ ምታይ ፒዬድራስ ኔግራስ ምትባል የሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ኢግናሲዮ አናያ ሚባል የሬስቶራንት ሰው ከድንበሩ ማዶ ለመጡ ሴቶች እጁ ላይ ባለው ነገር፣ የተጠበሰ ቶርቲላ፣ ቺዝና ሃላፔኞ፣ አንድ ነገር ሰርቶ አቀረበላቸው። ለኢግናሲዮ የቁልምጫ ስሙ ናቾ ነው፣ የምግቡ ስም የሱ ስም ነው ማለት ነው። ስታዲየም ውስጥ ሚሸጠው በፓምፕ ሚፈስ ሶስ ያለው ግን በ1976 አርሊንግተን፣ እዚሁ እኛ ሰፈር አጠገብ ቤዝቦል ስታዲየም ላይ የተጀመረ ነው። አንድ ስም ይዘው ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው።

ፋሂታ ደግሞ የድሆች ምግብ ነበር። ፋኻ ቀበቶ ነው፣ ፋሂታ ትንሽ ቀበቶ እንደማለት፣ ከበሬው ዲያፍራም (ደረትና ሆድን ሚለየው ጡንቻ) ሚወጣው ረጅም ስስ ስጋ ነው። ደቡብ ቴክሳስ የከብት እርባታ ላይ ይሰሩ የነበሩ ሜክሲኮዎች ባለቤቱ የማይፈልገው ጭንቅላቱ፣ ሆድ እቃው፣ ይሄ ጠንካራ ስጋ ነበር ሚደርሳቸው፣ እነሱ ደግሞ በከሰል ጠብሰው ስስ አርገው ከትፈው በቶርቲላ በሉት። ኒንፋ ላውሬንዞ ሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው የአምስት ልጆች እናት በ1973 ሂውስተን ውስጥ ትንሽ ሬስቶራንት ከፍተው ይሄንን ስጋ ሲሸጡ ከተማው ተሰለፈ። ይሄ ታሪክ ቴክስ-ሜክስን እንዳከብር ያረገኝ ታሪክ ነው።

ታኮ ቶርቲላ ታጥፎ ውስጡ ምግብ ሚገባበት ነው። ጠንካራውን ቅርፊት ያለውን ታኮ ብዙ ሰው "አሜሪካ የፈጠረው" ይለዋል፣ እሱም ቢሆን ሙሉ እውነት አደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ታኮ ዶራዶ አለ፣ ውስጡ ምግብ ተደርጎበት ታጥፎ ዘይት ውስጥ ሚጠበስ። ካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ ከ1937 ጀምሮ ያለ ሚትላ ካፌ ሚባል የሜክሲኮዎች ቤት ይሄንን ይሸጥ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ ግሌን ቤል ሚባል ሰው የሆት ዶግ ቤት ነበረው፣ ሰልፉን እያየ አሰራሩን እዛው ተማረ። በ1962 ታኮ ቤል ሚባለውን የፈጣን ምግብ ቤት ከፈተ። እሱ የጨመረው ፍጥነት ነው፣ ቅርፊቱን ባዶውን ቀድሞ ጠብሶ ማስቀመጥ። ኩባንያው በኋላ ሜክሲኮ ሄዶ ሁለቴ ሞክሯል፣ ሁለቴም ዘግቶ ወጥቷል።

አሁን ወደ ቶርቲላው ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔ እንደገባኝ ትልቁ ልዩነት ያለው ቺዙ ላይ አደለም፣ ሊጡ ላይ ነው።

ዶኛ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ጠርተውኝ ሲሰሩ አይቻለሁ። ማታ አንድ ኪሎ ደረቅ በቆሎ ድስት ውስጥ ጨመሩ፣ ውሃ፣ ከዛ በማንኪያ ነጭ ዱቄት ጨመሩበት፣ ካል ይሉታል፣ ኖራ ነው፣ አዎ ኖራ (ለምግብ ተብሎ ሚሸጠው እንጂ የግድግዳው አደለም)። ውሃው ወዲያው ቢጫ ሆነ። ብዙ አላፈሉትም፣ ለስለስ ሲል አወረዱትና ከድነው አሳደሩት። ጠዋት እጃቸውን ከተው በቆሎውን ሲያሹት የፍሬው ቅርፊት እንደ ቀጭን ላስቲክ እየተላጠ በውሃው ይሄዳል፣ ደጋግመው አጠቡት፣ ያ የቀረው በቆሎ ኒክስታማል ይባላል፣ ከነጩም ከስፔኑም በፊት ከነበረው የናዋትል ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ድሮ ሜታቴ ላይ ነበር ሚፈጨው፣ ሜታቴ ማለት ድንጋይ ነው፣ ሴቷ ተንበርክካ በሌላ ድንጋይ ምትፈጭበት፣ ወፍጮና መጅ በሉት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እሳቸው በእጅ ሚዞር የብረት ወፍጮ አላቸው። ሊጡን ድቡልቡል አርገው ሁለት ላስቲክ መሀል ጫን ሲያረጉት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከዛ ኮማል ላይ፣ ኮማል ምጣድ ነው፣ አንዴ ይገለበጣል፣ ሁለቴ ይገለበጣል፣ በጣታቸው ጫን ሲያረጉት በአየር ተሞልቶ እንደ ኳስ ይነፋል። ሲነፋ ፈገግ ይላሉ። እንጀራው አይን ሲያወጣ እናቴ ፊት ላይ ማየውን ፈገግታ ነው ያየሁት።

ኖራው ለጣዕም ብቻ አደለም። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ሚባለው ቫይታሚን ታስሮ ነው ያለው፣ ሰውነት አያገኘውም፣ ኖራው ይፈታዋል፣ ካልሲየምም ይጨምርበታል፣ ሊጡም እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያረገዋል። በቆሎው ወደ አውሮፓ ሲሄድ ፍሬው ብቻ ነው የሄደው፣ የእናቶቹ እውቀት አልሄደም። በዚህ ምክንያት ሰሜን ጣልያን ውስጥ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ደቡባዊ ስቴቶች ውስጥ በቆሎ ብቻ ሚበላው ድሃ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ፣ ቆዳው እየተላጠ፣ አእምሮው እየተነካ። ጆሴፍ ጎልድበርገር ሚባል ሀኪም ምክንያቱ ጀርም ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ብዙ ሰው ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። መድሃኒቱ ግን ሜክሲኮ ውስጥ በየጓዳው ነበረ። ይሄን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

እና አሜሪካ ውስጥ ቴክስ-ሜክስ ቤቶች በስንዴ ቶርቲላ ወይ በፋብሪካ በተሰራ የበቆሎ ቶርቲላ ሲሰሩ የጠፋው ይሄ ቤት ውስጥ ሚዘጋጀው የኒክስታማል ሊጥ ነው። የስንዴ ቶርቲላ ግን እሱም የሜክሲኮ ነው፣ ሰሜኑ፣ ሶኖራና ቺዋዋ ስንዴ አብቃይ አገር ነው፣ በስንዴ ቶርቲላ ሚጠቀለለው ቡሪቶም የመጣው ከዛው ነው፣ ቀጭን ሆኖ ውስጡ አንድ ወይ ሁለት ነገር ብቻ ያለው። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ክሬም ተጭኖበት በፎይል ሚጠቀለለው የክንድ ያህሉ ቡሪቶ የሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር ስራ ነው፣ 1960ዎቹ ላይ። ታኮ አል ፓስቶር ደግሞ የሻወርማ ልጅ ነው፣ ሊባኖሶች ናቸው ወደ ሜክሲኮ ያመጡት፣ እዛ ሲደርስ በጉ በአሳማ ተተካ፣ ላዩ ላይ አናናስ ተሰካበት። ስለዚህ "ንጹህ" ሚባል ነገር ሜክሲኮ ራሷ ውስጥም የለም፣ ያለው ማን፣ የት፣ በምን ሰራው ሚለው ነው። ዩኔስኮ በ2010 የሜክሲኮን ባህላዊ ምግብ ሲመዘግብም አንድ ሳህን ምግብ አደለም የመዘገበው፣ ከእርሻው ጀምሮ እስከ ኒክስታማሉ ያለውን የማህበረሰቡን ሙያ ነው።

እኛም እኮ እዚህ ጤፍ ባልነበረበት ጊዜ እናቶቻችን በሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት እንጀራ ጋግረው አሳድገውናል፣ የሱ ስም እንጀራ አደለም ሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም፣ የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ ነው ብሎ ሚሸጥልኝ ካለ ግን እጣላዋለሁ። ቴክስ-ሜክስንም እንደዛው ነው ማየው። ዶኛን አንዴ ስለ ፋሂታው ጠይቄያቸው "ጥሩ ነው፣ የቴክሳስ ነው" አሉኝ፣ ቅሬታም ንቀትም ድምጻቸው ላይ አልነበረም።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ ሜኑው በስፓኒሽ የተጻፈበት ትንሽ ታኬሪያ (የታኮ ቤት) ፈልጉ፣ ቢሪያ ሚባለው በቺሊ የተሰራ የስጋ ወጥ ካለ ጠይቁ፣ ሃሊስኮ ሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ያለው በባህሉ የፍየል ስጋ ነው፣ ለኛ ሰው ምላስ አይከብድም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ጾም ለምትጾሙም አሳማ ለማትበሉም፦ የተፈጨው ባቄላ፣ የስንዴ ቶርቲላውና ታማሌው (በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ሚበስለው የበቆሎ ሊጥ) ብዙ ጊዜ ማንቴካ ይገባበታል፣ የአሳማ ስብ ነው፣ ስጋ የለውም ብለው ቢሰጧችሁም ስቡ ሊኖር ይችላል። "ቲዬኔ ማንቴካ?" በሉ፣ ይነግሯችኋል። ሊጡን ገዝታችሁ ቤት ምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ቶርቲላ ቤቶቹ ጋ ሁለት አይነት አለ፣ ማሳ ፕሬፓራዳ ሚባለው ለታማሌ ተብሎ ስቡ የተቀላቀለበት ነው፣ እናንተ "ማሳ ሲን ፕሬፓራር" ብላችሁ ጠይቁ፣ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ፣ በዛው ቀን ጋግሩት ምክንያቱም ካደረ ይኮመጥጣል።