የአንድ ቀን ክሪኬት፦ ከሜልበርን ዝናብ እስከ 2027

የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ክሪኬት ሁለት አገሮች እያንዳንዳቸው ቢበዛ 50 ኦቨር የሚመቱበት ጨዋታ ነው። አንድ ኦቨር 6 ውርወራ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ቡድን 300 ኳስ ይደርሰዋል። ከዚያ በፊት 10 መቺዎች ከጨዋታ ከወጡበት ግን ተራው እዚያው ያበቃል። ሁለቱም ተራቸውን እስኪጨርሱ ቀኑ ይመሻል። ለእግር ኳስ ሰው ይህ ብዙ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቴስት ግን 5 ቀን ይፈጃል፤ ታናሹ ቲ20 ደግሞ በሦስት ሰዓት ከምናምን ያልቃል። የአንድ ቀኑ መሀል ላይ ቀርቷል። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በዝናብ ነው። እንግሊዝና አውስትራሊያ ሜልበርን ላይ ቴስት ሊገጥሙ ቀጠሮ ነበራቸው። ዝናቡ አላባራ አለና አንድ ኳስ እንኳ ሳይወረወር ጨዋታው ተሰረዘ። ተመልካቹ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ጃንዋሪ 5 ቀን 1971 ባለ 40 ኦቨር ግጥሚያ ተዘጋጀ። ያኔ በአውስትራሊያ አንድ ኦቨር 8 ውርወራ ነበር። 46 ሺህ ያህል ሰው መጣ። እንግሊዝ 190 ራን (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረች፤ አውስትራሊያ 5 ተጫዋች ብቻ ወጥቶባት 191 ገባች። 82 ያስቆጠረው እንግሊዛዊው ጆን ኤድሪች ግን ቡድኑ ተሸንፎም የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

የዓለም ዋንጫውን የጀመሩት ሴቶቹ ናቸው፣ በ1973። ወንዶቹ የተከተሉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ 60 ኦቨር ነበር፤ በ1987 ወደ 50 ወረደ። ባለቀለም ማልያውና የማታ መብራቱ የመጣው ከአውስትራሊያዊው ባለሀብት ኬሪ ፓከር ነው።

የእኛን ሰፈር ካነሳን ትንሽ ልቆይበት። በ1975 የወንዶች ዋንጫ «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚባል ቡድን ነበር። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ በአንድ ማልያ። ከዚያ ኬንያ ብቻዋን ወጣች። በ1996 የዓለም ዋንጫ የህንዷ ፑኔ ላይ 166 ብቻ አስቆጥራ ዌስት ኢንዲስን (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) በ93 ዘጋቻት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ናይሮቢ ጂምካና ሜዳ ፓኪስታናዊው ሻሂድ አፍሪዲ በ37 ኳስ መቶ ራን ገባ፤ ክብረ ወሰኑ 17 ዓመት ቆየ። ያኔ 16 ዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። ዕድሜው ዛሬም ያከራክራል።

በ2003 የዓለም ዋንጫ ደግሞ ኬንያ እዚያው ጂምካና ላይ ስሪላንካን በ53 ራን አሸነፈች። ኮሊንስ ኦቡያ 24 ራን ብቻ ሰጥቶ 5 ሰው አስወጣ። ኬንያ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ሄዳ ደርባን ላይ በህንድ ወደቀች። ኒው ዚላንድ ለደህንነቴ እሰጋለሁ ብላ ናይሮቢ አልሄድም ስላለችና ነጥቡ ለኬንያ ስለተሰጠ የኬንያን ጉዞ የሚያጣጥሉ አሉ። ስሪላንካ ግን የተሸነፈችው ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ የአስተዳደር ውዝግብና የገንዘብ እጦት ተደራረቡ። በ2014 ኬንያ የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ቡድን የመባል ደረጃዋን አጣች።

አሁን ጥያቄው ጨዋታው ራሱ ይኖራል ወይ ነው። የህንዱ የቲ20 ሊግ በ2008 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘቡም ሰሌዳውም ወደዚያ ሄዷል። እንግሊዛዊው ተጫዋች ቤን ስቶክስ በ2022 ሦስቱንም ዓይነት መጫወት አልቻልኩም ብሎ ከአንድ ቀኑ ወጣ፤ በዓመቱ ለዓለም ዋንጫ ተመለሰ። የክሪኬት ሕግ ጠባቂው የለንደኑ ክለብ ኤምሲሲ በ2023 ከ2027 በኋላ ሁለት አገሮች ብቻ የሚገናኙባቸው የወንዶች ተከታታይ ግጥሚያዎች በጣም ይቀነሱ አለ። ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል። ያለ ዋንጫ የሚደረጉትን ማን ያስታውሳቸዋል?

ገልፍ የኖረ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። የኤምሬትሷ ሻርጃ ከየትኛውም የዓለም ሜዳ በላይ የአንድ ቀን ግጥሚያ ያስተናገደ ስታዲየም አላት። ውጭ ግን የፓኪስታንና የህንድ ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ይዘው ሲጫወቱ ጥቂት ኦቨር ይበቃቸዋል። 50 ኦቨር የሚቆጥር የለም።

ዋንጫው ሌላ ነገር ነው። በ2023 ህንድ ውስጥ ወደ 1.25 ሚሊዮን ተመልካች ስታዲየም ገብቷል፤ የመክፈቻው ቀን ብዙ ወንበር ባዶ ነበር እንጂ። ሕጉም እየተነካካ ነው። ከ2011 ጀምሮ በአንድ ተራ ሁለት አዲስ ኳስ፣ ከየአቅጣጫው አንድ፣ ይሰጥ ነበር። ኳስ ስታረጅ አንድ ጎኗ ይሻክራል፣ ሌላው ይለሰልሳል፤ ጎበዝ ወርዋሪ ያኔ አየር ላይ አቅጣጫዋን ያስቀይራታል። በሁለት ኳስ ግን አንዷም በቅጡ ሳታረጅ ተራው ያልቃል። መቺዎች ተደሰቱ፣ ወርዋሪዎች አለቀሱ። በ2025 ተስተካከለ፤ ከ34ኛው ኦቨር በኋላ በአንዷ ብቻ ይወረወራል።

የ2027 የወንዶች ዋንጫ ከ2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ይመለሳል። አዘጋጆቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ ናቸው። ተሳታፊዎቹም ከ10 ወደ 14 ያድጋሉ። ሁለቱ አዘጋጆች በቀጥታ ያልፋሉ። ናሚቢያ ግን የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል ስላልሆነች በራሷ ሜዳ ለሚደረገው ዋንጫ ማጣሪያ መጫወት አለባት።