«ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ»፦ ከየት መጣ? መቼ ይባላል?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም በመናገሻ በኩል ለሚኖር ሰው የቆቅ ጩኸት አዲስ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሻካራ፣ ድርቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ቅርብ ነው። ተጠግተህ ስታይ ግን ወፏ የለችም። «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለውን አባባል ለመረዳት ከዚህ ጠባይዋ መጀመር ይሻላል። አንዳንዱ ገልብጦ «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ይላል፤ ትርጉሙ ያው ነው፦ የሚፈለገው በአንድ በኩል፣ ልፋቱ በሌላ በኩል።

ቆቅ መሬት ለመሬት የምትኖር ወፍ ናት። ክንፍ አላት፣ ትበራለችም፤ ግን ቶሎ አትነሣም። አደጋ ስታይ መጀመሪያ ጸጥ ትላለች። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በቁጥቋጦ ሥር ትሮጣለች። መብረር የምትጀምረው መሄጃ ስታጣ ነው። ያን ጊዜ ከእግርህ ሥር ቡር ብላ ትነሣና ትንሽ ራቅ ብላ መልሳ ታርፋለች። ነቃ ያለ፣ የማይታለል ሰው «እሱ እኮ ቆቅ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ምዝግዝግ ደግሞ በኃይል የሚወረወር ነገር ነው፤ ዱላም ይሁን ጦር። ዛሬ ቃሉን ለብቻው የሚጠቀምበት ሰው ብዙም የለም። «መኪናው እየተምዘገዘገ አለፈ» ስንል ግን ዘመዱን እንጠራዋለን።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አምጣቸው። እረኞች ናቸው። አንዱ ቁጥቋጦውን እየመታ ይቀሰቅሳል፣ ሌሎቹ ዱላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከቀጋው ሥር የሆነ ነገር ውልብ ይላል። አንዱ ልጅ «አየኋት!» ይልና ዱላውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይለቀዋል። ዱላው እያፏጨ ሄዶ ቀጋው ላይ ያርፋል። ቅጠሉ ይረግፋል። ቆቋ ግን ገና ክንዱ ሲነሣ ነው የሮጠችው። «ወዲህ ናት! ኧረ ወዲህ ናት!» ይላል ጓደኛው። አባባሉ ከዚህ ጩኸት ብዙም አይርቅም። ዱላው የሄደው ወፏ ወደነበረችበት እንጂ ወዳለችበት አይደለም።

ቢመታትም ገና ነው። ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ አይበላምና ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ማረድ አለ። ስለዚህ ወርዋሪው ቢላ ይዞ ይሮጣል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጭብጥ ሥጋ!

እንግዲህ አደን ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። በእኛ አገር የሚከበረው አደን ሌላ ነበር። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ይባልለታል። ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ጎፈሬውን ያሳድጋል። የአንበሳ ጎፈር የክብር ልብስ የሆነው ከዚያ ነው፤ ዛሬም በሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል አራት ኪሎ ላይ ጎፈር የደፉ አባቶች ይታያሉ። ይህኛው አደን የራሱን ተረት ትቷል፦ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ»። ያልሠራበትን ክብር ለሚለብስ ሰው የሚወረወር ነው።

በፈቃድ የሚካሄድ አደንም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ለስፖርት ከሚያድኗቸው አንዱ በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን ነው። ከዚህኛው አደን ግን የተወለደ ተረት ሰምቼ አላውቅም። ደረሰኝ ያለበት ነገር ለተረት አይመችም መሰለኝ።

የቆቅ አደን ክብር የለውም። «ዘራፍ! የቆቅ ገዳይ!» ብሎ የሚፎክር ሰው ቢነሣ መንደሩ በሳቅ ይሞታል። እኔ እንደሚመስለኝ አባባሉ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ያለው በዚሁ ነው። ስለ ጀግና አይደለም የሚያወራው። የዕለት ጉዳዩን ሊፈጽም ወጥቶ አቅጣጫ ስለሳተ ተራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሞልቷል።

የከተማው ዳር ላይ ዋናው አደን የቤት አደን ነው። ለገጣፎ አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሰው ከደላላ ጋር የሚያደርገውን ንግግር ስሙት።

«ወንድሜ፣ እኔ ያልኩህ አንድ ክፍል፣ ውኃ ያለው ግቢ።»

«ገባኝ ብሮ! አሁን የማሳይህ ባለ ሦስት መኝታ ነው። ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ሁሉ ያለው።»

«ውኃስ?»

«ፓርኪንጉ ራሱ ለሁለት መኪና ይሆናል!»

ይሄኔ ነው «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚባለው። ደላላው ሰነፍ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲሮጥ ነው የዋለው። የሚሮጠው ግን ሰውየው ወደሚፈልገው አይደለም። አባባሉ ለንግግርም ይሠራል፤ የጠየቅኸው ሌላ፣ የሚመልስልህ ሌላ ሲሆን።

ብዙ ሰው ይህን ከ«ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ጋር ያደበላልቀዋል። አይገናኙም። ውኃ መውቀጥ ከመጀመሪያውም ፍሬ የለውም፤ ጎበዝም ይውቀጠው ሰነፍ ያው ነው። እዚህ ግን ቆቋ አለች፣ ዱላውም አለ፣ ጉልበቱም አለ። የጠፋው አቅጣጫው ብቻ ነው። ሞክሮ ለጥቂት ለሳተ ሰውም አይባልም። የተጣጣረን ሰው በዚህ ተረት መምታት ግፍ ነው።

በደንብ የሚገጥምበት አንድ ጉዳይ ልጨምር። በእንጦጦ ግርጌና በየካ በኩል ባሉ ሰፈሮች ማታ ማታ ጅብ ይወርዳል። በየጊዜው «ጅቡ ይገደልልን» የሚል አቤቱታ ይነሣል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ይፈራል። ግን ጅቡን ከጫካ የሚስበው በየጥጉ የሚጣለው ቆሻሻና የከብት ጥንብ ነው። ጥንቡ በነበረበት እያለ አንዱን ጅብ ቢገድሉት በሌላ ሌሊት ሌላው ይመጣል። በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ይህ ክርክር ደርቶ ሳለ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ብድግ ብለው «ልጆቼ፣ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ አታድርጉት፤ መጀመሪያ ያን ጥንብ አንሡልን» አሉና ተቀመጡ።

እሳቸው ስላሉት ያምራል። ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ ሆነብዎ» ማለት ግን ድፍረት ነው፤ አላየህም ማለት ነውና። የሚባልበት መንገድ አለው። «ጋሼ፣ ነገሩ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ እንዳይሆንብን ብዬ ነው» ብለህ «ብን» ውስጥ ራስህን ትጨምራለህ። እኩያህ ከሆነ እንደፈለግህ በለው። አለቃህ ከሆነ በሆድህ ያዘው።