የጉበት እባጭ፦ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለሐሞት ጠጠር ብሎ አልትራሳውንድ የተነሳ ሰው፣ ውጤቱ ላይ «ጉበት ላይ እባጭ ታይቷል» የሚል ሲያነብ ክው ይላል። ቤተሰቡም ወዲያው ካንሰርን ያስባል። ጉበት ላይ ግን ካንሰር ያልሆነ እባጭ ሞልቷል።

ውሃ የቋጠረ ተራ ከረጢት በአልትራሳውንድ ጥቁር ሆኖ፣ ግድግዳው ሳስቶ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ሌላ ምርመራ አያሻውም። ሄማንጂዮማ የሚባለው የደም ስር እባጭ ደግሞ ነጣ ይላል፣ ጠርዙም የጠራ ነው። ካንሰር ካልሆኑት ዕጢዎች በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ችግሩ፣ አንዳንድ ካንሰርም ነጣ ብሎ ይታያል።

ያኔ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። ቁም ነገሩ ያለው በደም ፍሰቱ ላይ ነው። ጤነኛ ጉበት 75 በመቶ የሚሆነውን ደም የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ ደም መላሽ ነው። የጉበት ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳ ነው። ስለዚህ በክንድ ኮንትራስት (ደም የሚደርስበትን ቦታ በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት) ተወግቶ በ35 ሰከንድ፣ በ70 ሰከንድ፣ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ገደማ ይነሳል። ካንሰሩ መጀመሪያ ቦግ ይላል፤ በኋላ ከዙሪያው ጉበት ይልቅ ይጠቁራል። ሄማንጂዮማ ከዳር ዳር ጠብ ጠብ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ መሃል ይሞላል። የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካልከለከለ በቀር፣ ለዚህ ጉዳይ ያለ ኮንትራስት ሲቲ መነሳት ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ምስሉ ብቻውን ግን አይፈርድም። ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር) ወይም የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው፣ ቦግ ብሎ የጠቆረ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እባጭ ያለ ባዮፕሲም (ከእባጩ ናሙና ወስዶ መመርመር) ካንሰር ሊባል ይችላል። ጤነኛ ጉበት ባለው ሰው ያው ምስል ለዚህ አይበቃም። ከሚሴ አካባቢ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፤ በጉበት ደም ስሮች ዙሪያ ጠባሳ ስለሚተው ሲሮሲስ ሊመስል ይችላል።

የወሎ ሐኪም «በግ ታረባለህ? ውሻስ አለ?» ብሎ ቢጠይቅም ለወግ አይደለም። በግ ታርዶ ውሃ የቋጠረው ጉበት ለውሻ ሲጣል፣ በከረጢቱ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ሃይዳቲድ የሚባለው ይህ ከረጢት በውስጡ ትንንሽ ከረጢቶች ሲታዩበት ይለያል። ሳይለዩ በመርፌ ቢወጉት ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ሊፈስና ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።