በኦክ በርሜል ያረጀ ጎምዛዛ የፍራፍሬ ቢራ፦ አጠማመቁና አቀማመሱ

ይህ ቢራ ከብቅል ተጠምቆ በዱር እርሾና አሲድ በሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይብላላል፤ በኦክ እንጨት ውስጥ ወራት ወይም ዓመታት ከቆየ በኋላም ፍራፍሬ ተጨምሮበት ዳግም ይፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልብ የሚለው ኮምጣጣነቱን ብቻ ነው። ነገር ግን የጎመዘዘ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ሊመዘን የሚገባው አሲዱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ፍሬውን ይደግፈው ወይስ ይዋጠው እንደሆነ ነው።

የዓይነቱ ዋና አባት በቤልጅየሟ ብራስልስና ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ፓዮተንላንድ በሚባለው አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክ ነው። ከእህሉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የገብስ ብቅል ሲሆን ቀሪው ያልበቀለ ስንዴ ነው። ሆፑ፣ ማለትም እንደ ጌሾ ለመጠጡ ምሬት የሚሰጠው ተክል፣ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ይደረጋል፤ የሚፈለገው ምሬቱ ሳይሆን ጎጂ ባክቴሪያን የመግታት ኃይሉ ነውና። ለሰዓታት የፈላው የብቅል ጭማቂ ኩልሺፕ በሚባል ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ላይ ተገልጦ ያድራል፤ እርሾውንም ከአየሩ፣ ከቤቱና ኋላም ከበርሜሉ ያገኛል። ሥራው በብርዱ ወራት፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ብቻ የሚከናወነው በሞቃት ሌሊት ጭማቂው ቶሎ ስለማይበርድና አበላሺ ተሕዋስያን ስለሚበዙ ነው። ኮምጣጣ ቼሪ የገባበት ክሪክ፣ ራስቤሪ የገባበት ፍራምብዋዝ ይባላል። በሌሎች አገሮች ያሉ ጠማቂዎች ብዙዎቹ የአየሩን ዕድል አይጠብቁም፤ በቤተ ሙከራ የተባዙ የእርሾና የባክቴሪያ ዝርያዎችን ራሳቸው ይጨምራሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ሲሆን፣ የዴንማርኩ ቢራ ፋብሪካ የካርልስበርግ ተመራማሪ የነበረው ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 አስተዋውቆታል።

በበርሜሉ ውስጥ ተሕዋስያኑ በተራ ይሠራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጀት ባክቴሪያ ዘመዶች የሆኑ ተሕዋስያንና ደካማ እርሾዎች ይነሳሉ። ቀጥሎ የተለመደው የቢራ እርሾ አብዛኛውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ ማምረት ይጀምራል፤ በዚህ ወቅት ቢራው እንደ ተልባ ሊዝለገለግና ቅቤ ቅቤ ሊል ይችላል። የመጨረሻው ባለተራ ብሬታኖማይሲስ ሁለቱንም ጉድለት ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ የቆዳ፣ የድርቆሽና የፈረስ ጋጣ ሽታም ያመጣል። ስለዚህ የሚዝለገለግ ቢራ ተበላሸ ተብሎ የሚደፋ ሳይሆን ጊዜ የሚሰጠው ነው። የኦክ እንጨት በቀዳዳዎቹ እርሾውን ያኖራል፣ ጥቂት ኦክስጅን ያስገባል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ በርሜል ስለሚመረጥ የቫኒላ ጣዕም ፈጽሞ ላይኖር ይችላል፤ ቫኒላና ኮኮናት ጎልተው ከተሰሙ በርሜሉ አዲስ ነበር ማለት ነው።

ፍሬው የሚጨመረው ቢራው ከበሰለ በኋላ ነው። የተለመደው መጠን ለአንድ ሊትር ከ200 እስከ 300 ግራም ነው። የፍሬው ስኳር እንደገና ስለሚፈላ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው መዓዛው፣ ቀለሙ፣ አሲዱና አፍን የሚያደርቀው የልጣጩ ታኒን ነው። ማር ማር የሚል የቼሪ ቢራ ካጋጠመ ስኳር ወይም ጭማቂ ኋላ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ዓይነት መጠጥ ነው። ቼሪ ከነጠንካራ ዘሩ ሲዘፈዘፍ ዘሩ የአልሞንድ ጠረን ይለቃል። ራስቤሪ ቀለሙና መዓዛው ቶሎ ይደበዝዛል። ኮክና አፕሪኮትም እንዲሁ ስስ ናቸው። ፍሬው ወደ ላይ ተንሳፍፎ አየር ካገኘ የኮምጣጤ ባክቴሪያ እዚያ ይራባል፤ ጠማቂው በርሜሉን ሞልቶ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ለመቅመስ ተጋድሞ የቆየውን ጠርሙስ አተላው እንዲሰፍር አንድ ሁለት ቀን ማቆም ይበጃል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሲየስ ተስማሚ ነው፤ በጣም ከቀዘቀዘ አሲዱ ብቻ ይሰማል፣ መዓዛው ይተኛል። ቡሹ ቀስ ብሎ ይከፈት፤ በጠርሙስ ውስጥ የፈላ ቢራ አንዳንዴ ይገነፍላልና ባዶ ብርጭቆ አጠገብ ይቀመጥ። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሲቀዳ ጠርሙሱን ደጋግሞ ማቃናት አተላውን ስለሚያነሳ ሁሉንም ብርጭቆዎች በአንድ ዝንባሌ መሙላት ይሻላል። የተለያዩ ቢራዎች ካሉ ከለዘብተኛው ወደ ኃይለኛው ይኬዳል፤ በመካከል ውኃና ጣዕም የሌለው ዳቦ አፍ ያጸዳል።

አረፋው ቶሎ ቢከስም ስህተት አይደለም። መጀመሪያ ብርጭቆው ሳይንቀሳቀስ ይሸተት፤ ቀላሉ የፍሬ ሽታ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በትንሹ አዟዙሮ የብሬታኖማይሲስን ጠረን መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ለአሲዱ ያለማምዳል፣ በእሱ መፍረድ አይገባም። ፍርዱ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ይጀምራል። ላክቲክ አሲድ እንደ እርጎ ለስላሳና ክብ ነው። የኮምጣጤው አሲድ፣ አሴቲክ አሲድ፣ ደግሞ አፍንጫ ውስጥ ይወጋል፣ ሲዋጥም ጉሮሮን ይለበልባል። ጥቂቱ ቼሪውን ያደምቀዋል፤ ሲበዛ ግን ፍሬውን ይሸፍነዋል። ከእሱ ጋር የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከመጣ አየር ያለ ልክ ገብቷል፣ ይህን ቆይታ አያስተካክለውም። ድድን ያዝ የሚያደርገው ድርቀት ታኒን ነው፤ ከእንጨቱም ከልጣጩም ይመጣል።

ለጀማሪ የሚያስቸግረው ጉድለት የአይጥ ሽታ የሚባለው ነው። በአፍንጫ አይታወቅም። ከዋጡ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ፣ ምራቅ የቢራውን አሲድ ሲያለዝበው፣ የደረቀ እህል ወይም የአይጥ ጎጆ የሚመስል ጣዕም ከምላስ ኋላ ይነሳል። የተጠረጠረውን ቢራ አንድ ጠብታ በእጅ ጀርባ ቀብቶ ማሽተት ይቻላል፤ የቆዳው አሲድነት ከቢራው ያነሰ ስለሆነ ሽታው ይወጣል። አንዳንድ ሰው ፈጽሞ ስለማይሰማው ሁለት ሦስት ቀማሽ መኖሩ ይጠቅማል። ጠርሙሱ ውስጥ ገና ሕያው እርሾ ካለ ብዙ ጊዜ በወራት ቆይታ ይለቃል፤ ስለዚህ የቀሩት ጠርሙሶች ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ ይቀመጡ። ያለ እንከን የተገኘ የራስቤሪ ወይም የኮክ ቢራ ግን ባይቆይ ይሻላል፤ በወጣትነቱ ሲጠጣ ፍሬው ገና አለ።