ስልኩ ይሮጣል፣ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፦ ስለ ዋይፋይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እቤት ያለው ስልክ ቪዲዮውን ያለ ምንም መቆራረጥ ያጫውታል። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ይታነቃል። እውነት ለመናገር በጣም ያናድዳል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ ግን ሰው የሚፈልገው በሌለበት ቦታ ነው።

«መስመሩ ደካማ ስለሆነ ፓኬጁን ላሳድግ»

ቆይ፣ ገንዘብ አታውጡ። ስልኩ በዚያው ዋይፋይ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከፈጠነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ስልኩን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጡና የሁለቱንም ፍጥነት በየተራ ለኩ፤ አንድ ላይ ከለካችሁ ይሻማሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት። በኬብል ከፈጠነ ጣጣው ዋይፋዩ ላይ ነው። በኬብልም ከተንቀራፈፈ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው፣ አንቴና ስታዞሩ ብትውሉ ለውጥ አታዩም። ስትለኩ ደግሞ ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታታባችሁ። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 40 ሜጋቢት የሆነ መስመር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ማንም አልሰረቃችሁም።

«የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ሲግናሉ ደህና ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ምልክቱ የሚያሳየው ሲግናሉ ምን ያህል ጠንክሮ እንደደረሰ ነው እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች ነው፦ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ሁሉም ተጨናንቀው አሉ። እዚያ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት የተለመዱ ቻናሎች (የክልሉ ንዑስ መስመሮች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለና ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ማለፍ ግን ይከብደዋል። ታዲያ ብዙ ራውተር ሁለቱንም በአንድ ስም ስለሚያሰራጭ ስልኩ 5 ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ 2.4 ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ እናንተ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ይመስላችኋል። ዊንዶውስ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ብትከፍቱ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 2.4 የሚል ከሆነና ራውተሩ ሩቅ ካልሆነ፣ ለ5 የተለየ ስም ስጡትና በሱ ግቡ።

«ኮምፒውተሩ ራውተሩ አጠገብ ስለሆነ ቦታው ችግር የለውም»

እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነበረኝ፤ ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ መቀበያ ከኋላ ተሰክታለች፣ ከጎኗ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ። ለካ የኮምፒውተሩ ብረት ሳጥን ሲግናሉን ይከልላል። ሃርድ ዲስኩ የተሰካበት ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ዳታ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ያሰማል፣ ኢንቴል ራሱ በ2012 ይህንን የሚያሳይ ጽሑፍ አውጥቷል። መቀበያዋን በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ሳወጣት ወዲያው ተለወጠ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

«ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው»

ሁሉም መሣሪያ ሲንቀራፈፍ፣ አዎ። አንዱ ብቻ ከሆነ ሪስታርት የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ ነው።

«ብሮውዘር ብቻ ነው የከፈትኩት»

የከፈታችሁት እሱን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የሚሠራው ግን ብዙ ነው። የዊንዶውስ አፕዴት አለ፣ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ፕሮግራም አለ፣ የተረሳ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) አለ። በተለይ አፕሎድ ሲሞላ ዳውንሎዱም አብሮ ይታነቃል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ለሚደርሰው ዳታ «ደርሶኛል» እያለ መመለስ አለበት፣ መልሱም የሚሄደው በዚያው በተጨናነቀው መንገድ ነው። ታስክ ማኔጀርን (እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍታችሁ ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ብትጫኑ በላተኛው ከላይ ይመጣል።

«ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ሌላ ልግዛ»

መጀመሪያ የዋይፋዩን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ መቀበያውን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ አድሱ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን የሚያዳክመውን ሴቲንግ አጥፉ። ያም ካልሠራና የውስጡ መቀበያ 5 ጊጋኸርዝን ጭራሽ የማያይ ከሆነ፣ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚይዝ የዩኤስቢ መቀበያ ሰክታችሁ ያንኑ ኮምፒውተር መጠቀም ትችላላችሁ።