«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ትርጓሜውና የወላጆች ስብሰባ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በዕድር፣ በሠርግ ድግስና በሰፈር መዋጮ ላይ ይጠቀሳል፤ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ስብሰባም ያለ እርሱ አይከፈትም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ላይ ላዩን ሲታይ መልእክቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰው የሚከብደው ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ይቀላል የሚል ነው። ይህን ብቻ ለማለት ቢሆን ኖሮ ግን ቀለለ ብሎ ማብቃት ይቻል ነበር። አባባሉ ከዚያ አልፎ ሸክሙ ጌጥ እንደሚሆን ይናገራል።

ሎሚ እንዴት ጌጥ እንደሚሆን ለመረዳት አባባሉ የበቀለበትን ኑሮ ማየት ይበቃል። ሎሚ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ ተሸክመው የሚያወጡት ፍሬ ነው፤ ሃምሳው በአንድ ትከሻ ላይ ሲሆን ዳገቱን ያረዝማል፣ ላብ ላጠመቀው ተሸካሚም መዓዛው ትዝ አይለውም። አንዱ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲሆን ግን እያገላበጡ የሚያሸቱት የበዓል ነገር ነው። ጥር 11 ቀን ታቦት አጅቦ የወጣ ጎረምሳ ልቡ የወደዳትን ልጃገረድ ደረቷን በሎሚ የሚመታው፣ ሎሚውም ከአዲሱ ልብስ ጋር አብሮ የሚዘጋጀው በዚሁ ልማድ ነው። ሎሚው ያው ነው፤ ቁጥሩም አልቀነሰም፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ብዛት ብቻ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለውም የሚለየው በዚህ ነው፤ የድሩ አባባል የሚታሰር ባላጋራ ይፈልጋል፣ የሎሚው ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ፣ በእጁ የሚታይ ድርሻ እንዲኖረው ብቻ ይጠይቃል።

በትምህርት ሚኒስቴር መስፈርት ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ሲሠራበት የቆየው የተማሪ ቁጥር 50 ነው። ሆን ተብሎ ለመምህር የተነገረ ይመስል፣ ቁጥሩ ከአባባሉ ጋር ገጥሟል። የአንደኛ ክፍል መምህርት በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሁሉንም ልጆች ንባብ ተራ በተራ ልስማ ብትል ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ሃምሳው ልጆች በየቤታቸው በአንድ ምሽት ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ቢያነቡ ግን በአንድ ሰው ላይ የሚከብድ ነገር የለም። ችግሩ ይህ ድርሻ ወደየቤቱ የሚደርስበት መንገድ ነው።

እንደ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች መንገዱ ይጠብባል። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ከልዩ ልዩ ሰፈር በዕጣ የተሰባሰበ በመሆኑ «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ የጎረቤት ልጅ የሚቆጣ ሰው ለማግኘት ዓመታት ይወስዳል፤ ወላጁም ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ወደ መገናኛ የሚሄድ አውቶቡስ ለመያዝ ተሰልፎ፣ ልጁ ሊተኛ ሲል ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለስብሰባ መጥራት እንዳይመጣ ከመንገር አይለይም። የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ናቸው፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ኮሚቴም ከእነርሱው ይመረጣል። በዚህ አሠራር ሎሚው ከመምህሯ ትከሻ ወርዶ ወደ አምስት ወላጆች ትከሻ ይዛወራል እንጂ ጌጥ አይሆንም። «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ትእዛዝም ለብዙ ልጆች የጥፋት ዜና ሆኖ ቆይቷል፤ የሰፈር ጎረምሳ ለምኖ «ታላቅ ወንድሜ ነው» ብሎ ይዞ የቀረበ ተማሪ በየትውልዱ አይጠፋም።

ስብሰባው ራሱም ይታወቃል። ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡ ወላጆች የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት እየተቀባበሉ ይፈርማሉ፤ አጀንዳው አጥር፣ ጥበቃና መዋጮ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ ማንበብ ይችላል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ «እሱን ለብቻ እናነጋግርዎታለን» ይባላሉ። ይህ ጥያቄ ግን መጀመሪያ መነሣት የነበረበት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ወላጅ ወዶ ቢያዋጣ ባይከፋም፣ አባባሉ የገንዘብ መሰብሰቢያ መግቢያ ብቻ ሲሆን ኪሱ ባዶ የሆነው ወላጅ ድርሻ የሌለው እየመሰለው ይቀራል።

«እኔ ያልተማርኩት ምን ላግዘው?» የሚሉ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ቡና እየቆላች ልጇ ጮክ ብሎ ሲያነብላት መስማት፣ ጣቱ መስመሩን እየተከተለ መሆኑን ማየት፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላ ያነበበውን ማስነገር ትችላለች። ጉሊት የምትቸረችር ደግሞ መልስ እንዲያሰላ ማድረግ ትችላለች፤ ይህም ከደብተሩ መደመርና መቀነስ አያንስም። ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ቢሆንም ተረቱና እንቆቅልሹ በዚያው ቋንቋ ሊነገር ይገባል፤ በአንድ ቋንቋ ነገር አከታትሎ መተረክ የለመደ ልጅ በሌላውም አይቸገርም።

ሌላም የተዘነጋ በር አለ። የከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባስፋፋው የምገባ ፕሮግራም ምክንያት ምግቡን የሚያዘጋጁት እናቶች በየቀኑ ከግቢው ውስጥ ናቸው። ማን እንደቀረ፣ ማን ምግቡን ሳይጨርስ እንደተነሣ፣ ማን ለታናሹ ቁራሽ እንደደበቀ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሆኖም ስለ ልጆቹ ሲጠየቁ እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ የአባባሉ ትክክለኛ ቦታ የመዋጮ ዋዜማ ሳይሆን የመስከረም ምዝገባ ማግስት ይመስለኛል። ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህርትም ከእያንዳንዱ ቤት አንድ የተወሰነ ነገር ብቻ ትጠይቅ፤ ከአንዱ የማታ ንባብ መስማት፣ አናጺ ከሆነው አባት የተሰበረ ዴስክ መጠገን፣ ጡረታ ከወጡት አያት ቅዳሜ ጠዋት ለትንንሾቹ ተረት መንገር። የመማሪያ ክፍል መሥራት፣ መጽሐፍ ማሳተምና መምህር መቅጠር ግን በአባባሉ ስም ለወላጅ አይከፋፈልም፤ የመንግሥት ድርሻ ስለሆነ ርእሰ መምህሩ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።