ሥራ ለቀው ረጅም የእግር ጉዞ የሚወጡ ሰዎች ስለ ጤና ኢንሹራንስ የሚሳሳቱት

በአሜሪካ የአፓላቺያን ትሬይልን ከጆርጂያ እስከ ሜይን፣ 14 ስቴቶችን አቋርጦ ለመጨረስ አብዛኛው ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይፈጅበታል። ይህን ያህል ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ሥራቸውን ለቀው ይሄዳሉ። ከሥራው ጋር የጤና ኢንሹራንሱም አብሮ ይቀራል። ጫማና ድንኳን ለመምረጥ ወራት የሚፈጁ ሰዎች ኢንሹራንሱን ከሰው በሰሙት ወሬ ብቻ ሲወስኑ ማየት በጣም ያሳስበኛል፤ እዚህ ላይ ስህተት የሚታወቀው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነውና።

«በገዛ ፈቃዴ ስለለቀቅሁ መብት የለኝም»

አላችሁ። ኮብራ የሚባለው የፌዴራል ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት የነበራችሁን ኢንሹራንስ ሥራ ከለቀቃችሁ በኋላ እስከ 18 ወር እንድትቀጥሉበት ይፈቅዳል። የሚከለከለው በከባድ ጥፋት የተባረረ ሰው ብቻ ነው። ማርኬትፕሌስም (መንግሥት ያቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ገበያ፣ በተለምዶ ኦባማኬር የምንለው) የሥራ ኢንሹራንስ ማጣትን ለምዝገባ በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል፤ ለምን ለቀቃችሁ አይልም። በኮብራ የሚከብደው ዋጋው ነው፤ አሠሪው ይከፍልላችሁ የነበረው ድርሻ ወደ እናንተ ዞሮ፣ ከሙሉው ወርኃዊ የኢንሹራንስ ክፍያ (ፕሪሚየም) እስከ 102 በመቶ ትከፍላላችሁ።

«ለኮብራ 60 ቀን አለኝ፤ ከታመምኩ ያኔ እመዘገባለሁ»

ይህኛው ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ለመወሰን በእርግጥ 60 ቀን ይሰጣችኋል፤ የሚቆጠረውም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ወይም የኮብራ መብታችሁን የሚገልጸው ማስታወቂያ ከተሰጣችሁ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። በመሐሉ እግራችሁ ተሰብሮ ብትመዘገቡ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሄዶ ከተቋረጠበት ቀን ይጀምራል። የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም ደግሞ ከተመዘገባችሁ በኋላ 45 ቀን አላችሁ። ክፍያው ግን ያለፈውን ጊዜ በሙሉ የሚጨምር ነው፤ የታመማችሁበትን ወር ብቻ መርጦ መክፈል አይቻልም።

ሰው የሚዘነጋው የቀረውን ግማሽ ነው። ማስታወቂያው በፖስታ ወደ ቤት አድራሻችሁ ይላካል። አሠሪው ለፕላኑ አስተዳዳሪ ለማሳወቅ 30 ቀን፣ አስተዳዳሪውም ለእናንተ ለመላክ 14 ቀን ስላላቸው ደብዳቤው ሲደርስ እናንተ ጫካ ውስጥ ናችሁ። የማርኬትፕሌስ ልዩ የምዝገባ ጊዜም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ በኋላ 60 ቀን ነው፤ እሱ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም፣ ሽፋኑም ወደ ኋላ አይመለስም። በጸደይ ከጆርጂያ የተነሳ ሰው በ60ኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ገና ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ መንገዱን አላጋመሰም። ሁለቱም ካለፉት ኖቬምበር 1 የሚከፈተውን ዓመታዊ ምዝገባ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ በዚያ የሚያገኘው ሽፋን ደግሞ የሚጀምረው ጃንዋሪ ላይ ነው።

ስለዚህ ፖስታችሁን ከፍቶ የሚያነብላችሁ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ። ማርኬትፕሌስን ከመረጣችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት። የሥራው ኢንሹራንስ ከሚቋረጥበት ቀን 60 ቀን አስቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ አዲሱ የድሮው ከተቋረጠበት ቀጥሎ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን ይጀምራል።

«ኢንሹራንስ ካለኝ በየትኛውም ስቴት ይሠራል»

ለድንገተኛ ሕክምና፣ አዎ። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት ከኔትወርክ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች) ውጭ በሆነ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብትታከሙም ድርሻችሁ በኔትወርክ ውስጥ እንደታከመ ሰው እንዲሰላ ያስገድዳል። ነገር ግን ተጓዥን ከመንገድ የሚያስቀረው ሁልጊዜ ገደል መውደቅ አይደለም። መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ፣ ካልተጣራ ውኃ የሚመጣው ጂያርዲያ፣ በመጠለያዎች የሚዛመተው ኖሮቫይረስ፣ ያበጠ ጉልበት፣ ያመረቀዘ የእግር ቁስል አለ። እነዚህን የምትታከሙት በመንገድ ላይ ባገኛችሁት ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ነው። ኤችኤምኦ እና ኢፒኦ የሚባሉት ፕላኖች ግን ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ከኔትወርካቸው ውጭ በአብዛኛው አይከፍሉም፤ ኔትወርካቸውም ብዙ ጊዜ በምትኖሩበት አካባቢ የታጠረ ነው።

ላይም በጊዜ አንቲባዮቲክ ከተወሰደለት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። «ከኪሴ ልከፍል ነው፤ ትንሽ ልጠብቅ» ብሎ የዘገየ ሰው ግን መገጣጠሚያውን፣ ልቡን ወይም ነርቩን ሊያጠቃው ይችላል። ርካሹን ፕላን ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውላችሁ «ከስቴቴ ውጭ ተራ ክሊኒክ ብገባ ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ማርኬትፕሌስ ላይ ሰፊ ኔትወርክ ያለው ፕላን ከሌለ ውድ የመሰለው ኮብራ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ በተለይ የመሥሪያ ቤቱ ፕላን አገር አቀፍ ኔትወርክ ካለው።

«ገቢ ስለሌለኝ ሜዲኬይድ አገኛለሁ»

እንደ ስቴታችሁ ነው። ሜዲኬይድን (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) ባስፋፉት 40 ስቴቶችና በዋሽንግተን ዲሲ፣ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ የማይበልጥ ጎልማሳ ማመልከት ይችላል። ስታመለክቱ የሚታየው የወቅቱ ወርኃዊ ገቢ ስለሆነ በዓመቱ መጀመሪያ ጥሩ ደመወዝ ማግኘታችሁ ብቻውን አያስከለክልም። ቴኔሲ ግን አላስፋፋችም። ካገኛችሁትም በኋላ ከስቴታችሁ ውጭ የሚሸፍነው በአብዛኛው ድንገተኛውን ብቻ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በዚህ መስፋፋት የሚገቡ ጎልማሶች ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲያሳዩ ይጠይቃል፤ ይህን መራመድ አያሟላም።

የማርኬትፕሌስ ድጎማ በተቃራኒው የዓመቱን ጠቅላላ ገቢ ያያል። ከጉዞው በፊትና በኋላ የምትሠሩትን አሳንሳችሁ ከገመታችሁ ታክስ ስትሞሉ ትመልሳላችሁ።

«ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከወሰድኩ ኢንሹራንሱ በሕግ ይቀጥላል»

ይህን የሚያስብል ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው የፌዴራል የፈቃድ ሕግ ነው፤ እሱ ግን ለ12 ሳምንት የሚሠራ ሲሆን፣ ለራስ ሕመም፣ ለወሊድ ወይም የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ነው። ለእግር ጉዞ የተሰጠ ፈቃድ በፕላኑ ደንብ ይወሰናል፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«ሄሊኮፕተር ቢያነሳኝ ኢንሹራንሱ ይከፍላል»

ሄሊኮፕተሩ ማን እንደላከው ይወስነዋል። የብሔራዊ ፓርኮች የነፍስ አድን ቡድን በአብዛኛው አያስከፍልም። ኒው ሃምፕሸር ግን በቸልተኝነት አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ወጪውን ልታስከፍል ትችላለች፤ ይህ ደግሞ የሕክምና ወጪ ስላልሆነ የጤና ኢንሹራንስ በተለምዶ አይሸፍነውም። የግል አየር አምቡላንስ ሕክምና ነው፤ በኖ ሰርፕራይዝስ አክት ጥበቃ ሥርም ይገባል። የመሬት አምቡላንስ በዚያ ሕግ አልተካተተም።

«ኢንሹራንስ የሚያስፈልገኝ እስክጨርስ ብቻ ነው»

አዲሱ አሠሪ ሽፋን እስኪጀምርላችሁ እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፤ ሥራ ፍለጋው ከዚያ ውጭ ነው። የመንገዱ መጨረሻ የሆነው ሜይን ያለው የካታዲን ተራራ ጫፍ በደረሳችሁ ሳምንት ፕሪሚየም ብታቋርጡ፣ በገዛ ፈቃድ መተው ልዩ የምዝገባ ጊዜ ስለማያስገኝ፣ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ መመለሻ የላችሁም። አዲሱ መጀመሩ በጽሑፍ እስኪረጋገጥላችሁ የድሮውን መክፈላችሁን ቀጥሉ።